ቱህካ ደወለች

ኬሚ፣ በፊንላንድ ሰሜን፣ የወደብ ከተማ፣
ባሕሯ በረዶ አስሮት ሌት ሲያቃስት የሚሰማ።
ፀሐይ በታኅሣሥ ወር ብቅ ብላ እልም ትላለች፣
አበዳሪ እንዳየች ባለዕዳ ትሸሻለች።
ሠላሳ ስድስት ዓመት መርከብ ለመርከብ ዞሮ፣
የታመመ ሬዲዮ ሲጠግን፣ ሲጠግን ኖሮ፣
ኦስሞ ዛሬ ብቻውን ነው።
ብቻውን አይባልም፤ አንዲት ድመት አለችው፣
መልኳን አይቶ በቋንቋው «አመድ» ብሎ የሰየማት፤
ቱህካ።

ቱህካ ሙቀት ወዳጅ፣ ቱህካ ብልኃተኛ፣
ምድጃ በሌለበት ቤት ራውተር ላይ የምትተኛ፤
ሆዷን አንጥፋበት፣ መብራቶቹን ጋርዳ፣
ዓለም ቢቋረጥስ ምን ገዷ፣ ምን ዕዳ?
ከኩባንያው አንድ ወጣት መጣ፣ ትሑት፣ ጫማውን አውልቆ የገባ፤
ገመዱን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣
ሣጥኑን በሌላ ሣጥን ቀየረ፣ ሂሳብ ጻፈበት።
ገና ደረጃውን ሳይወርድ ቱህካ ተኛችበት።

ደግሞ አንድ ሌሊት፣ ሁሉም ነገር ሲተኛ፣
ማተሚያው ተነሣ፣ እየጮኸ እንደ ቁስለኛ፤
አርባ ሁለት ገጽ ሙሉ ባንዲት ፊደል ሞልቶ፣
ወለሉን አለበሰው እየተፋ አውጥቶ።
ኦስሞ መነጽሩን አጠለቀ፣ አንዱን ገጽ አነበበ፣
«ጀጀጀጀጀጀ»፤ ሳይስቅ አሰበ፤
«ከግብር መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሻላል» አለ፣
ጀርባ ጀርባውን ለገበያ ዝርዝር አዋለ።

ይህ ሁሉ ቀላል ነው። ስልኩ ላይ ነው ነገሩ።
ባለገመድ ስልክ፣ ከመስኮቱ ሥር ማደሩ፤
የልጁ ባል ነው ገዝቶ ቁጥር ያስገባበት፣
አንድን ለሐኪሙ፣ ሦስትን ለልጁ ቤት።
ሁለት ላይ ታውኖ አለ። ወንድሙ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ያልተነካ፣ ያልተጠራ ስሙ።
ጠባቸው ጀልባ ነው፣ ያባታቸው ጀልባ፤
አንዱ ሸጠ፣ አንዱ ሰማ፣ ቂም በመሃል ገባ።
ጀልባው እንኳ አርጅቶ ገዥው ፈልጦ አነደደው፤
ቂሙ ግን እርጥብ እንጨት፣ እሳትም አልወደደው።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቱህካ ተንጠራራች፣
እጀታውን ጣለች፣ ሁለትን ረግጣ ዞረች፣
ከእጀታው አፍ ዘንድ ተጠቅልላ ተኛች።

ኩኦፒዮ ላይ፣ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣
ታውኖ ስልኩን አነሣ፣ ከእንቅልፉ ተናንቆ።
«ሃሎ?»
ኽርርርር።
«ኦስሞ? አንተ ነህ?»
ኽርርርርር።
የማይመልስ፣ የማይዘጋ፣ የሚተነፍስ ብቻ፣
ነዳጅ እንዳለቀበት ሞተር፣ በመጨረሻው እርምጃ።
ታውኖ ሱሪውን ባንድ እግሩ እንዳጠለቀ
በረዶውን ሰንጥቆ ወደ ሰሜን ዘለቀ።

ጠዋት ነው ቢባልም ጨለማ ነው ገና፤
በሩ ተደበደበ። ኦስሞ ከፈተና፣
«አልሞትክም?» አለው ወንድሙ።
«ማን ሞተ አለህ?»
«ደውለሃል።»
«አልደወልኩም።»
«ስታጣጥር ሰምቻለሁ፣ በዚህ ጆሮዬ!»
ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ በሌሊት ልብሱ፣ ሌላው በረዶ በነከረው ጺሙ፣
ባለቤቱ እንደረሳው ሻንጣ ደፍ ላይ ቆሙ።
ከውስጥ፣
ኽርርርር።
ዞረው ቢያዩ እጀታው መሬት፣ ከጎኑ ጭራ፤
ታውኖ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ሳቅ ቀደመው በተራ።

ስለ ጀልባ አንድም ቃል አልተነሣም።
የዓሣ ሾርባ ተበላ።
ታውኖ የማተሚያውን ሆድ ከፍቶ ጠጉር አወጣ፣
ለአንድ እጅ ጓንት የሚበቃ፤
«እዚህ ውስጥ ሌላ ድመት አለችህ» አለ።
በማግሥቱ ሄደ። ደጅ ላይ እጅ ለእጅ፣ አጭር፣
ጓንት እንኳ ሳያወልቁ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣
ኩኦፒዮ ስልክ ይጮኻል።
«ድመቷ ናት?» ይላል ታውኖ።
«ድመቷ ናት» ይላል ኦስሞ፤ «ምን ላድርጋት? ቁጥር ሁለትን ለምዳዋለች።»
ቱህካ ከራውተሩ ላይ
አንድ ዓይኗን ገልጣ ታየዋለች፣
መልሳም ትከድነዋለች።